በጎጃም ከተሞች የሚቆመው ሕንፃ ለየትኛው ዝናብ፣ ለየትኛው ፀሐይ ነው?

የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞች ከተዛመተ ወዲህ ስለ ሕንፃ የማያወራ ሰው የለም። ባሕር ዳር ላይ መንገድ ሰፍቷል፣ የእግረኛና የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፣ መንገድ ዳር ያሉ ሕንፃዎች ፊታቸው እየታደሰ ነው። በሻይ ቤትም በፌስቡክም ክርክሩ ሁለት ጎራ ይዟል። አንዱ «ከተማው ሁሉ መስታወት ሆነ፤ የጎጃም መልክ የት ገባ?» ይላል። ሌላው ደግሞ «እስከ መቼ በጭቃ ቤት እንኖራለን? ማደግ የለብንም ወይ?» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን የሚያወሩት ስለ መልክ ነው። የሕንፃ ዋና ጉዳይ ከመልኩ በፊት ነው የሚጀምረው፦ ፀሐይዋ ከየት ትመጣለች፣ ዝናቡ ምን ያህል ነው፣ አፈሩ ምን ዓይነት ነው፣ ሰዉ ውስጡ ምን ያደርጋል? እነዚህ ጥያቄዎች በወረቀቱ ላይ ካልተመለሱ ጣራው ላይ ጉልላት ቢሰካም፣ ፊቱ በመስታወት ቢሸፈንም ያው ነው። ተከራዩ ይሞቀዋል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ጎርፉ ጎረቤት ቤት ይገባል።

«ባህላዊ» ሲባል ምን እየተባለ ነው?

በብዙ ፕሮጀክቶች ባህል የሚገባው በመጨረሻ ነው። ንድፉ ካለቀ በኋላ የጎጆ ቅርጽ ያለው መግቢያ ይጨመራል። ወይም የጥልፍ ጥለት የተሳለበት ግድግዳ ይለጠፋል። ይህ ማስጌጫ ነው፤ መጥፎም አይደለም። ነገር ግን የቀድሞ ግንበኞች ጎጆውን ክብ ያደረጉት ለፎቶ ብለው አልነበረም። ምክንያት ነበራቸው።

በዚያ ላይ የጎጃም የግንባታ ባህል አንድ ብቻ አይደለም። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ክብ ቤተ ክርስቲያን አለ። በመርጡለ ማርያም ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከእቴጌ እሌኒ ስም ጋር የሚነሳው የተጠረበ ድንጋይ ሕንፃ ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል፤ እሱ ክብ አይደለም። ከጢስ ዓባይ በታች ያለው የአላታ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ ተገንብቷል። በአዊ ደጋ ቀርከሃ አለ። ስለዚህ «የጎጃም ቤት ማለት የሳር ጎጆ ነው» ማለት ጎጃምን ማሳነስ ነው።

አንድ ጎጃም፣ ብዙ አየር

ከአዲስ አበባ ሲመጣ ጎጃም የሚጀምረው ከዓባይ በረሃ ነው። ድልድዩ ያለበት ሸለቆ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። 100 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። በዚህ ስሌት በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ።

ይህ ልዩነት ለአንድ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ባሕር ዳር ላይ መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ ያስጨንቃል፤ ቤቱ ነፋስና ጥላ ይፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ላይ ግን ችግሩ የሌሊቱ ብርድ ነው፤ ቤቱ የጠዋቷን ፀሐይ ተቀብሎ ሙቀቷን ማቆየት አለበት። አሁን ግን ለሁለቱም የሚሠራው ቤት አንድ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ የተሣለ ጂ+4 ከደጀን እስከ ባሕር ዳር መንገዱን ሁሉ ተከትሎ ሲደጋገም ይታያል። በመንግሥት በኩልም «ስታንዳርድ ዲዛይን» የሚባለው አለ። ይህ አንዴ ተዘጋጅቶ ለብዙ ቦታ የሚያገለግል የጤና ጣቢያ ወይም የትምህርት ቤት ንድፍ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ወጪና ጊዜ ይቆጥባል። ጉዳቱ ደጋውንና ቆላውን አንድ አድርጎ ማየቱ ነው።

ፀሐይዋ ከየት ትመጣለች?

ይህን ነጥብ ረጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና።

ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ምክንያት ፀሐይዋ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ አናት ላይ ታልፋለች፤ አንዴ በሚያዝያ አጋማሽ አካባቢ፣ ሌላ ጊዜ በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ። በሁለቱ መካከል በእኩለ ቀን በትንሹ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በቀሪው ጊዜ ሁሉ ወደ ደቡብ ናት። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች።

ከዚህ ምን ይገኛል? በመጀመሪያ፣ ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳን መከለል ቀላል ነው። ጣራው ከግድግዳው 1 ሜትር ቢያልፍ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ከሥሩ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲም ያህል ግድግዳ ያጠላል። መስኮቱን ለማዳን ይኸው ይበቃል። ባሕር ዳር ላይ ይህን ጥላ ትፈልገዋለህ። ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ ጣራውን ትንሽ አሳጥረህ ፀሐይዋን ታስገባታለህ።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ወደ ምዕራብ የሚያይ ግድግዳ አስቸጋሪ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከጣራው ሥር ገብታ ክፍሉን ትሞላዋለች። ጣራው የፈለገውን ያህል ቢረዝም አያስቆማትም። እሷን የሚያስቆማት ዛፍ፣ ቁም መከለያ ወይም ትንሽ መስኮት ነው። አሁን ግን መንገዱ በምዕራብ በኩል የሆነ ሕንፃ ሁሉ የምዕራብ ፊቱን በመስታወት ይሸፍናል። ምክንያቱ መንገዱ እዚያ ስለሆነ ብቻ ነው። መስታወት ብርሃኑን ያስገባል፤ ውስጥ ያለው ዕቃ ብርሃኑን ጠጥቶ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ግን በመስታወቱ በኩል በቀላሉ አይወጣም። ከሰዓት በኋላ ቢሮው መጋረጃ ይዘጋል፣ መብራት ያበራል፣ ቬንትሌተር ይከፍታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሠራተኛው ውጭ ይወጣል። ለብርሃን ተብሎ የተገዛ መስታወት በመጋረጃ ተሸፍኖ ይኖራል።

ሦስተኛው ነጥብ ለባሕር ዳር ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው። ጣና ከከተማዋ በስተሰሜን ነው። የሰሜን ግድግዳ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ፀሐይ ያገኛል። ወደ ሰሜን የምታዘነብለውም በአብዛኛው በክረምት፣ ሰማዩ በደመና በሚሸፈንበት ወቅት ነው። ስለዚህ ሰፊ መስኮት ወደ ሐይቁ ቢከፈት እይታውም ይገኛል፣ ሙቀቱም አይከተልም። በቀን የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱም ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። ይህን ነፋስ ከተማው በነጻ ያገኘዋል። የሐይቁ ዳር በረጃጅም ሕንፃዎች ተያይዞ ከታጠረ ግን ከኋላ ያለው ሰፈር ሁሉ ነፋሱን ያጣል። የሐይቅ ዳር ግንባታ ክርክር ሲነሳ የእይታና የደንገል ጉዳይ ይነሳል፤ ሁለቱም ተገቢ ናቸው። የነፋሱ ጉዳይ ግን እምብዛም አይሰማም፤ መሰማት አለበት።

እንዲህ ዓይነቱን አሠራር ባለሙያዎች «ፓሲቭ ዲዛይን» ይሉታል። ሕንፃው ያለ ማሽን፣ በአቀማመጡና በቅርጹ ብቻ እንዲቀዘቅዝ ወይም እንዲሞቅ ማድረግ ማለት ነው።

ጣራና ክረምት

ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ የሕንፃ ዋና ፈተና ጣራ ነው።

የዘጌን ክብ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ዓይን እንያቸው። መሐሉ መቅደስ ነው። ዙሪያውን ቅድስት አለ። ከዚያ ውጭ ቅኔ ማኅሌት። በጣም የሚደነቁት ሥዕሎች የሚገኙት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። ዝናቡ ወደ ሥዕሉ እንዳይደርስ በመካከል ሁለት ዙር ቦታ አለ። ከላይ አንድ ትልቅ ጣራ ሁሉንም ይሸፍናል፤ ጫፉም ከውጭኛው ግድግዳ ያልፋል። ሰዎች ከዚያ ሥር ይቆማሉ፣ ያስቀድሳሉ፣ ዝናብ ይጠለላሉ። ይህ ሥርዓተ አምልኮውን የተከተለ ንድፍ ነው፤ ዝናቡንም እንዲሁ። ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ ሳሩን በቆርቆሮ ቀይረዋል። ሳር በየጊዜው መቀየር ይፈልጋል፣ እሳትም ያሰጋዋል፣ ጥሩ የክዳን ሳር ማግኘትም ከባድ ሆኗል። ለውጡ የገባ ነው። ቅርጹ ግን ስለቀረ ጥቅሙ አልጠፋም።

የዛሬው ከተማ ሕንፃ ጣራውን ግድግዳው ጋ ይቆርጠዋል። እንዲያውም ቆርቆሮው እንዳይታይ በፊት ለፊቱ ግድግዳውን ከጣራው በላይ ያስረዝመዋል። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ውኃው ይጠራቀማል። አሸንዳው በቅጠልና በላስቲክ ሲደፈን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ኮርኒሱ ይበሰብሳል፤ ቀለሙ ይላጣል። ሕንፃው ሁለት ክረምት ሳያልፍ ያረጃል።

ሌላው ነገር ውኃው ራሱ ነው። በሐምሌ 400 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከ100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 40,000 ሊትር ይወርዳል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ 20 ይሞላል ማለት ነው። ይህ የአንድ ቤት፣ የአንድ ወር ብቻ ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ሁሉ ውኃ መንገድ ላይ ይለቀቃል። ግቢው በሙሉ በሲሚንቶ ከተደፈነ መሬቱ አይጠጣውም። ከላይ ያለው ሰፈር የለቀቀው ከታች ያለውን ያጥለቀልቀዋል። የቀረው ቆሻሻውን ይዞ ጣና ይገባል። በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ኮብልስቶን በመጋጠሚያው በኩል ጥቂት ያሰርጋል፤ አርማታ ግን ጨርሶ አያሰርግም። የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገድ ሲያነጥፍና ዛፍ ሲተክል ይህን ቢያስብበት ጥቅሙ ከውበት ያልፋል።

ጭቃ፣ ብሎኬት፣ ድንጋይ

የጭቃ ቤት ሥራ ሙያ አለው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፣ ማገር ይማገራል። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቀላቅሎ በእግር እየተረገጠ ይቦካል። እየተገላበጠ ይሰነብታል። ጭዱ በደንብ ሲላቁጥ ጭቃው ይያያዛል፤ ሲደርቅም ብዙ አይሰነጠቅም። ከዚያ ምርጊቱ፣ በመጨረሻ ልስኑ። ማቡካቱን ያቻኮለ ሰው በክረምቱ ያየዋል።

ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ማታ ቀስ ብሎ ይመልሳል። ይህን ጠባይ «ቴርማል ማስ» ይሉታል። ቀኑ ሞቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ለሚል ደጋ የተስማማ ጠባይ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ሙቀቱን ያን ያህል አያቆይም። ከላዩ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከተደረገ ደግሞ ቤቱ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል።

ይህ ሲባል ግን «ሁላችንም ወደ ጭቃ ቤት እንመለስ» ማለት አይደለም። ጭቃ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ምስጡ ቋሚውን ይበላል። ምርጊቱ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ይህን ሥራ በብዙ ቤት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። አቧራው፣ ቁንጫው፣ ጭሱ ጤና ይነሳል። ብሎኬት ቤት የሠራ ሰው ንጽሕናና እረፍት ፈልጎ ነው። ይህን ምርጫ «ባህልን መናቅ» ብሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም።

በሁለቱ መካከል ግን መንገድ አለ። ከቡርኪና ፋሶ የተነሳው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ በተወለደበት በጋንዶ መንደር የሠራው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ግድግዳው ጥቂት ሲሚንቶ የተጨመረበት የሸክላ አፈር ጡብ ነው። ቆርቆሮው ከኮርኒሱ በላይ ከፍ ተደርጎ በብረት ተሸክሟል፤ በመካከል ነፋስ ያልፋል። ቆርቆሮው የሳበው ሙቀት ወደ ክፍሉ አይወርድም። ኬሬ በ2022 እ.ኤ.አ. የፕሪትዝከር ሽልማትን አገኘ፤ ይህ በአርክቴክቸር ሙያ ትልቁ ሽልማት ነው። ቡርኪና ፋሶ ከጎጃም እጅግ ይሞቃል፤ ስለዚህ ንድፉን እንዳለ መቅዳት አይሠራም። ዘዴው ግን ይሠራል። በምዕራብ ጎጃም ቀዩ አፈር ሞልቷል፤ በባሕር ዳር ዙሪያ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። መንገድ ሲዘጋጋና ሲሚንቶ ሲጠፋ ግንባታው ሁሉ እንደሚቆም በተደጋጋሚ ታይቷል። በአቅራቢያ የሚገኝ ዕቃ ድርሻው ቢጨምር ቢያንስ ይህ ሥጋት ይቀንሳል።

ስለ አፈር ከተነሳ ዋልካን መርሳት አይቻልም። በምሥራቅ ጎጃም ሜዳማ ቦታዎች በብዛት ያለው ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ያለው ቤት አብሮ ይነሳል፣ ይወርዳል። በመስኮት ጥግ ላይ በሰያፍ ተሰንጥቆ የሚታየው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ዋልካውን ጠርጎ ጠንካራው መሬት ድረስ መቆፈርና የጣራውን ውኃ ከግድግዳው ሥር ማራቅ ግድ ነው።

ሰዉ ውስጡ ምን ያደርጋል?

ጎጃም ውስጥ ቤት የአንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ተዝካር አለ፣ ማኅበር አለ። ለሠርግ ዳስ ይጣላል፤ ለለቅሶ የእድሩ ድንኳን ይተከላል። ይህ ሁሉ ቦታ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ይህን አስቦ ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ የሚሆን የጋራ ሕንፃ በንድፉ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ዛሬ የሚሠሩት ብዙ አፓርታማዎች ግን ይህን እንኳ ትተውታል። ድንኳኑ አስፋልት ላይ ይተከላል፣ መኪና ይዘጋል።

መንገድ ዳር ደግሞ በረንዳ አለ። በቀድሞ የሱቅ ረድፎች ፊት ቆርቆሮው ወደ መንገዱ ወጣ ይል ነበር። ድንገት ዝናብ ሲጥል መንገደኛው እዚያ ይጠለላል፤ በፀሐይ ጊዜ ሊስትሮው እዚያ ይቀመጣል፤ ጀበና ቡናውም እዚያው ነው። አዲሱ ሕንፃ ፊቱ ልሙጥ ነው። ዝናብ የመጣበት ሰው መግቢያ የለውም። የመሬት ወለሉ 2 ሜትር ገባ ቢል፣ ወይም ከላይ ያለው ፎቅ ወጣ ቢል ይህ ሁሉ ይመለሳል። ለዘጠኝ ወር ፀሐይ፣ ለሦስት ወር ዝናብ የሚሆን ጥላ የከተማ ጌጥ ሳይሆን አስፈላጊ መሠረተ ልማት ነው።

ታዲያ ለምን አይደረግም?

ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ይሰጣል። ዋናው ምክንያት የገንዘቡ መንገድ ነው። ሕንፃውን የሚያሠራው ሰውና በሙቀቱ የሚቸገረው ሰው አንድ አይደሉም። ባለ ሕንፃው የሚፈልገው ቶሎ የሚከራይ ፊት ነው። መስታወትና አሉኮቦንድ (የአሉሚኒየም ልባስ) የለበሰ ፊት ደግሞ ቶሎ ይከራያል። የመብራቱን ሒሳብ የሚከፍለው ተከራዩ ነው።

ሁለተኛው የሊዝ ዋጋ ነው። መሬቱ ውድ ስለሆነ እያንዳንዷ ካሬ ትሞላለች። ለሕዝብ የተተወ በረንዳ ለባለቤቱ የጠፋ ኪራይ ነው። ይህን መካድ አይቻልም። ማዘጋጃ ቤቱ ለበረንዳው ምትክ ከላይ ተጨማሪ ወለል ቢፈቅድ ግን ሒሳቡ ይቀየራል።

ሦስተኛው የፈቃድ አሰጣጡ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ በሦስት መደበ። ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውና የሕዝብ መገልገያዎች በ«ሐ» ውስጥ ገቡ። ትኩረቱ በዋናነት ደኅንነት ነበር፤ መሆንም ያለበት እሱ ነው። ፈቃድ ሲጠየቅ ኮለኑና ፌሮው ይመረመራል። «የምዕራቡ ፊት ለምን ሙሉ መስታወት ሆነ? የጣራው ውኃ የት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ግን አልተለመደም። ጥያቄው ለማዘጋጃ ቤቱ አንዳች ወጪ የለውም። ለባለሙያውም ቢሆን ወረቀት ላይ እያለ ማስተካከል ቀላል ነው፤ ከተገነባ በኋላ ነው የሚከብደው።

አንዳንዶች «ተጨማሪ መስፈርት ተጨማሪ ደጅ ጥናት ነው» ይላሉ። ይህ ሥጋት እውነተኛ ነው። ስለዚህ መስፈርቱ አጭርና የሚለካ መሆን አለበት፦ የጣራው ጥላ በሜትር፣ የምዕራብ መስታወት በድርሻ፣ የግቢው ያልተነጠፈ ቦታ በካሬ። ለደጋና ለሞቃት ከተማ ቁጥሩ ይለያይ።

ቀድሞ መጀመር ያለበት ግን መንግሥት ራሱ ነው፤ በየወረዳው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚያሠራው እሱ ስለሆነ። ትምህርት ቤቱን ብቻ እንውሰድ። ብዙ ክፍሎች ኮርኒስ የላቸውም። በግንቦትና በሰኔ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ የመምህሩ ድምፅ አይሰማም፤ በመጋቢት ደግሞ ከቀትር በኋላ ክፍሉ ያቃጥላል። ለሁለቱም መድኃኒቱ ኮርኒስ ነው፤ ችፑድ ደግሞ ውድ ነው። በእንጅባራ መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ የሚሸጡ ባለሙያዎች ስንጥሩን ጠልፈው ምንጣፍ መሥራት ይችላሉ። ቀርከሃው ሦስት ዓመት ሞልቶት ከተቆረጠና ነቀዝ እንዳይበላው በቦራክስ ውኃ ከተነከረ ለኮርኒስነት ይበቃል። አንድ ወረዳ በጥቂት ክፍሎች ሞክሮ ድምፁንና ሙቀቱን ከጎረቤት ክፍል ጋር ቢያነጻጽር፣ የሚቀጥለው ስታንዳርድ ዲዛይን ሲከለስ ልኬቱን በእጁ ይዞ መቅረብ ይችላል።